ጊታር ለያዝኸው ልጄ

ልጄ፣ ጊታር መጀመርህን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ፍላጎትህን አልጠራጠርም፤ የምፈራው ችኮላህን ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ከስልክህ ላይ ሃያ ኮርድ ትቀዳለህ፣ በሁለተኛው ጣቴን አመመኝ ትላለህ፣ በሦስተኛው ጊታሩ ቁም ሣጥን ላይ ይወጣል። አቧራ የለበሰ ጊታር ያላየሁበት ቤት ጥቂት ነው። ነገር ግን ጊታር ለጀማሪ የሚራራ መሣሪያ ነው፤ ጥቂት ነገር አጥብቆ ለያዘ ሰው ቶሎ ዘፈን ይሰጠዋል። ስለዚህ ጥቂቱን ልንገርህ፣ አንተም ሳትዘልል ያዘው።

1. ሳትቃኝ አትምታ። ጊታሩን ባነሣህ ቁጥር የመጀመሪያ ሥራህ መቃኘት ይሁን። ከወፍራሙ ክር ወደ ቀጭኑ ስትወርድ ድምፆቹ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ ናቸው። ወፍራሙን ስድስተኛ፣ ቀጭኑን አንደኛ ብለህ ቁጠር፤ ከዚህ በኋላ የምነግርህ ሁሉ በዚህ አቆጣጠር ነው። ስልክህ ላይ ቱነር በነፃ ታገኛለህ፤ ተጠቀምበት። በጆሮ መቃኘትንም ጎን ለጎን ልመድ። ፍሬት የምልህ አንገቱን የሚያቋርጡትን ብረቶች ነው፤ ስድስተኛውን ክር አምስተኛው ፍሬት ላይ ተጭነህ ስትመታው የአምስተኛውን ክር ድምፅ ይሰጥሃል፤ በዚሁ መንገድ ወደ ታች ትወርዳለህ። ከሦስተኛው ክር ወደ ሁለተኛው ስትሻገር ብቻ የምትጫነው አራተኛው ፍሬት ላይ ነው። ይህን አጥብቄ የምነግርህ ምክንያት አለኝ። ጀማሪ ኮርዱን አስተካክሎ ይዞም ጊታሩ ካልተቃኘ ድምፁ ይበላሻል፤ እሱ ግን ጥፋቱ የጣቱ መስሎት ትክክለኛውን አያያዝ ይለውጠዋል። ከዚያ የሚከፋው ጆሮው ብልሹውን ድምፅ መልመዱ ነው። ጣት ከለመደው ይልቅ ጆሮ የለመደውን ማስተው ይከብዳል።

2. ለእጅህ የሚስማማ ጊታር ይሁንልህ። ውድ ግዛ አልልህም። የናይለን ክር ያለው ለጣት ለስለስ ይላል፣ አንገቱ ግን ሰፋ ያለ ነው፤ የብረት ክር ያለው ቦክስ ጊታር ድምፁ ይደምቃል፣ መጀመሪያ ላይ ግን ጣት ይቆርጣል። ሁለቱም ያስተምራሉ። የምትመረምረው ክሩ ከአንገቱ ምን ያህል እንደራቀ ነው። ዐሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ተመልከት፤ ክሩ ከፍሬቱ ከሦስት ሚሊ ሜትር በጣም ከራቀ፣ መጫን ለአንተ ቀርቶ ለለመደውም ያደክማል፤ የሚያውቅ ሰው ዝቅ ያድርግልህ። የብረት ክር ከገዛህ ቀጠን ያለውን፣ አንደኛው ክር 0.010 ኢንች የሆነውን ምረጥ። አንድ ነገር ግን አደራ፤ ለናይለን በተሠራ ጊታር ላይ የብረት ክር አትወጥር። የብረት ክር ጉተታው ስለሚበረታ ክሩ የታሰረበትን እንጨት ከሣጥኑ ሊነቅለው ይችላል።

3. ጣት ማመሙ አይቀርም፣ አትደንግጥ። የጣቶችህ ጫፍ ቆዳ እስኪጠነክር ጥቂት ሳምንት ይፈልጋል። በዚያ ጊዜ በቀን ሩብ ሰዓት፣ ቢበዛ ግማሽ ሰዓት ይበቃሃል፤ ግን በየቀኑ ይሁን። ቅዳሜ ዕለት ሦስት ሰዓት መትቶ ሳምንቱን ሙሉ የሚተው ልጅ ቅዳሜ ሲደርስ እንደገና ጀማሪ ነው። የግራ እጅህን ጥፍር ቁረጥ፤ ጥፍር ያለው ጣት ክሩን ቀጥ ብሎ ሊጫን አይችልም። የምትጫነው በጣትህ ጫፍ፣ ከፍሬቱ ብረት ኋላ ተጠግተህ ነው። ከብረቱ ስትርቅ ክሩ ይንጫጫል፤ ያን ለማጥፋት ጉልበት ትጨምራለህ፣ ጉልበቱ ደግሞ ሕመም ይጨምራል። ቆዳ ቢያምህ ቻለው። የእጅ አንጓህ ወይም ክንድህ ካመመህ ግን ቁም፤ ያ የአያያዝ ጥፋት ነው።

4. በመጀመሪያው ወር ከአምስት ኮርድ አትለፍ። ኢ ማይነር፣ ጂ፣ ኤ ማይነር፣ ሲ እና ዲ። በኢ ማይነር ጀምር፤ ሁለት ጣት ብቻ ነው የሚፈልገው። የመሐል ጣትህን አምስተኛው ክር ላይ፣ የቀለበት ጣትህን አራተኛው ክር ላይ፣ ሁለቱንም ሁለተኛው ፍሬት ላይ አስቀምጥ፤ ስድስቱንም ክሮች ምታ። ይኸው ኮርድ ያዝህ። ለጂ የመሐል ጣትህ ስድስተኛው ክር ሦስተኛ ፍሬት፣ ሌባ ጣትህ አምስተኛው ክር ሁለተኛ ፍሬት፣ የቀለበት ጣትህ አንደኛው ክር ሦስተኛ ፍሬት ላይ ይቀመጣሉ። ኮርድ በያዝህ ቁጥር ክሮቹን አንድ በአንድ እየነካህ ስማቸው። ድምፁ የታፈነ ክር ካገኘህ የትኛው ጣት እንደተደገፈበት ፈልግና ጣቱን ቀና አድርግ። ሁሉንም በአንድ ላይ ጭረህ ካለፍህ ግን የታፈነው ክር በሌሎቹ ድምፅ ይሸፈንና ጥፋቱ አብሮህ ያድጋል።

5. ከኮርዱ ይልቅ ሽግግሩን ተማር። ከምክሮቼ አንዱን ብቻ የምትይዝ ከሆነ ይህን ያዝ። ኮርድ መያዝ ማንም ይችላል፤ ጊዜ ይስጡት እንጂ ሕፃንም ጣቱን ይደረድራል። ዘፈን ግን ያለው ከአንዱ ኮርድ ወደ ሌላው፣ ምቱ ሳይሰበር በመሻገር ላይ ነው። ዐሥር ዓመት ጊታር ይዘው ኮርድ በለወጡ ቁጥር ትንፋሻቸው የሚቆም ሰዎች አውቃለሁ። ሁሉም ኮርድ ይሰበስቡ ነበር፣ ሽግግር የተለማመደ ግን ከመካከላቸው አልነበረም።

እንዲህ አድርግ። ኤ ማይነርን ያዝ፤ ሌባ ጣት ሁለተኛው ክር አንደኛ ፍሬት፣ የመሐል ጣት አራተኛው ክር ሁለተኛ ፍሬት፣ የቀለበት ጣት ሦስተኛው ክር ሁለተኛ ፍሬት። አሁን ወደ ሲ ልትሻገር ነው። የቀለበት ጣትህን ብቻ አንሥተህ አምስተኛው ክር ሦስተኛ ፍሬት ላይ አሳርፍ። ሁለቱ ጣቶች ካሉበት አልተነቃነቁም። አየህ? ጀማሪ ግን ሦስቱንም ጣት አንሥቶ በአየር ላይ በትኖ እንደ አዲስ ይሰበስባቸዋል፤ ጊዜው የሚባክነው እዚያ ነው። ከማንኛውም ኮርድ ወደ ሌላው ከመሻገርህ በፊት የትኛው ጣት መቅረት እንደሚችል፣ የትኛው በዚያው ክር ላይ ተንሸራትቶ መድረስ እንደሚችል ጠይቅ። ኤ ማይነርን ሙሉውን አንድ ክር ወደ ላይ፣ ወደ ወፍራሙ ወገን ስትወስደው ደግሞ ኢ ሜጀር ይሆንልሃል፤ አቀማመጡ ያው ነው።

ከዚያ የአንድ ደቂቃ ሰዓት ሙላና በሁለት ኮርዶች መካከል ስንት ጊዜ በንጽሕና እንደተሻገርህ ቁጠር፣ ቁጥሩን ጻፈው። ነገም እንዲሁ። ለማፍጠን አትታገል፤ ንጹሑ ራሱ ይፈጥናል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ፤ በጥድፊያ የለመድኸው ሽግግር ሰው ፊት ስትቀመጥ ነው የሚፈታው።

6. ቀኝ እጅህ አይቁም። ግራ እጅ ቢሳሳት አድማጭ ይምርሃል፤ ምቱ ከቆመ ግን ዘፈኑ ተቋረጠ። ስለዚህ ክሮቹን በግራ መዳፍህ አፍነህ፣ ያለ ምንም ኮርድ፣ ቀኝ እጅህን ብቻ አሠልጥነው። ምት የሚቆጥርልህን ሜትሮኖም በደቂቃ 60 ላይ አድርግና በእያንዳንዱ ምት ወደ ታች ምታ፤ ሲለምድ በሁለቱ መካከል ወደ ላይ ጨምር። የውጭ ዘፈን አብዛኛው አራት አራት ይቆጠራል። የእኛ ጭክጭካ ግን በስድስት የሚቆጠር ነው፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት እያልህ አንድና አራት ላይ ጫን በል። መጀመሪያ በጭብጨባ ያዘው፣ ቀጥሎ በጊታር። ከልጅነትህ ጀምሮ በሠርግ ቤት ሰውነትህ የሚያውቀው ምት ነው፤ የቀረህ ለእጅህ መንገር ብቻ ነው። ኮርዱ በጊዜው ካልደረሰልህ ደግሞ ባዶውን ክር እየመታህ እለፍ እንጂ ጣትህን አትጠብቅ። የሚከተለው ጣት ነው፣ ምቱ አይደለም።

7. የራስህን ቅኝት ፈልግ። እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። ጊታር ከውጭ የመጣ መሣሪያ ስለሆነ የውጭ ዘፈን ብቻ የሚመታበት የሚመስላቸው ልጆች ብዙ ናቸው። አራቱ ቅኝቶቻችን፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ፣ እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የቆሙ ናቸው። ክራር ደርዳሪ ቅኝት ሲለውጥ ክሮቹን እንደገና ይቃኛል። አንተ ግን ጊታርህን አንዴ ቃኝተህ ቅኝቱን በጣትህ ትለውጣለህ።

ከጂ የሚነሣውን ሜጀር ትዝታ ልስጥህ። ሦስተኛውን ክር ባዶውን ምታ፣ ከዚያ ሁለተኛው ፍሬት ላይ፤ ሁለተኛውን ክር ባዶውን፣ ከዚያ ሦስተኛው ፍሬት ላይ፤ አንደኛውን ክር ባዶውን፣ ከዚያ ሦስተኛው ፍሬት ላይ። ጂ፣ ኤ፣ ቢ፣ ዲ፣ ኢ ወጥተህ እንደገና ጂ ላይ ደረስህ ማለት ነው። እየወጣህ እየወረድህ፣ ሳትቸኩል፣ አንዳንዱ ድምፅ ላይ እየቆየህ ምታው። ማንም ሳይነግርህ ትዝታ መሆኑን ጆሮህ ይነግርሃል።

አሁን ጂን ያዝ፣ ቀጥሎ ኢ ማይነርን። በሁለቱ ኮርዶች ውስጥ ከእነዚህ ከአምስቱ ድምፆች የወጣ አንድም ድምፅ የለም። ስለዚህ ጓደኛህ በዚያ ትዝታ ሲያዜም አንተ በሁለቱ ኮርዶች ብትመላለስ ከዜማው ጋር አትጣላም። ሲን ስትጨምር ግን ሲ የሚባለው ድምፅ ራሱ፣ ዲን ስትጨምር ኤፍ ሻርፕ አብረው ይገባሉ፤ ሁለቱም በዚህ ትዝታ ውስጥ የሉም። የአገር ዜማ ላይ የለመድኸውን ኮርድ ሁሉ ስትደረድርበት ጠረኑ የሚጠፋብህ በዚህ ነው። ትልልቅ አቀናባሪዎች እንግዳ ድምፅ አስገብተው ያሳምሩታል፤ የሚያስገቡትን ያውቃሉና። አንተ መጀመሪያ በሁለቱ ጥገብ።

ማይነሩን ትዝታ ከፈለግህ ከኤ ተነሣ፤ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ። የሚያጅቡህ ኤ ማይነርና ኤፍ ሜጀር ሰባት ናቸው። ኤፍ ሜጀር ሰባት ስሙ ያስፈራል እንጂ ቀላል ነው፤ የቀለበት ጣት አራተኛው ክር ሦስተኛ ፍሬት፣ የመሐል ጣት ሦስተኛው ክር ሁለተኛ ፍሬት፣ ሌባ ጣት ሁለተኛው ክር አንደኛ ፍሬት፣ አንደኛው ክር ባዶውን። ወፍራሞቹን ሁለት ክሮች አትንካ። በእነዚህ ሁለት ኮርዶች ብቻ አንድ ሙሉ ምሽት ማንጎራጎር ይቻላል። ባቲንና አምባሰልን ቀስ ብለህ ትደርስባቸዋለህ፤ አንቺሆዬን ግን ጆሮህ እስኪበስል ተወው፣ ለኮርድ በቀላሉ የሚገዛ ቅኝት አይደለም።

8. ቀላል ዘፈን አትናቅ። የልደት መዝሙር በሦስት ኮርድ ያልቃል፤ ሦስት ሦስት ስለሚቆጠርም ለቀኝ እጅህ ጥሩ ትምህርት ነው። የቦብ ማርሌይ ‹ስሪ ሊትል በርድስ› በኤ፣ በዲ እና በኢ ይመታል። አሜሪካ የተባለው ባንድ የተጫወተው ‹ኤ ሆርስ ዊዝ ኖ ኔም› ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በሁለት ኮርድ የሚመላለስ ነው፤ ዓለም ሁሉ ሰማው፣ ኮርዱ አነሰ ያለ ግን አልሰማሁም። አንዱን ዘፈን ከመግቢያው እስከ መዝጊያው ጨርስና ወደ ሌላው እለፍ። የሃያ ዘፈን መግቢያ ብቻ የሚያውቅ ልጅ ‹እስቲ አንድ አጫውተን› ሲባል የሚያሰማው ዘፈን የለውም።

9. ኤፍን ለጊዜው እለፈው። በሌባ ጣት ስድስቱንም ክር መጫን የሚጠይቀው ኤፍ ብዙ ጀማሪ ተስፋ ቆርጦ የተመለሰበት ኮርድ ነው። ከላይ ያሳየሁህ ኤፍ ሜጀር ሰባት በብዙ ዘፈን ውስጥ ይተካዋል። ጣትህ ሲበረታ ተመልሰህ ትይዘዋለህ።

10. እየመታህ ዝፈን። ‹ድምፄ አያምርም› እንዳትለኝ፤ ስለ ድምፅህ ውበት አልጠየቅሁህም። ካሳ ተሰማና አስናቀች ወርቁ በክራራቸው ራሳቸውን እያጀቡ ዘፍነዋል፤ አንድ መሣሪያና አንድ ድምፅ እንደሚበቁ እነሱን ሰምተህ ታውቃለህ። ዘፋኝ ባትሆንም ስትዘፍን ኮርዱ የት ላይ እንደሚለወጥ ከግጥሙ ታውቀዋለህ፤ በቁጥር ከምትይዘው ይልቅ በቃል የያዝኸው አይጠፋህም። መጀመሪያ አፍህ ሲከፈት እጅህ ይቆማል፣ የሁሉም ሰው እጅ እንዲሁ ነው። በአንድ ኮርድ ላይ ብቻ ሆነህ አንጎራጉር፣ ከዚያ ሁለተኛውን ጨምር። ዘፈኑ ለድምፅህ ከወረደብህ ካፖ የሚባለውን የአንገት ማሰሪያ ግዛ። ካፖውን ሁለተኛው ፍሬት ላይ አስረህ ጂን ስትይዝ የሚሰማው ኤ ነው፤ ጣትህ የሚያውቀውን ይዞ ዘፈኑ ወደ አንተ ይመጣል።

11. የሚመቱትን ስማ። ማዳመጥ ልምምድ ነው፣ መዝናኛ ብቻ አይደለም። ማህሙድ አህመድ ከአይቤክስ ባንድ ጋር በ1975 እ.ኤ.አ. የሠራውን ‹ኧረ መላ መላ› ክፈትና የዘፋኙን ድምፅ ትተህ ጊታሩን ብቻ ተከተል። በአይቤክስ፣ በኋላም በሮሃ ባንድ ጊታር የተጫወተውን ሰላም ስዩም ወልደማርያምን ልብ ብለህ አድምጥ። ድምፃዊው ሲዘፍን ጊታሩ ምን ያህል ቦታ እንደሚለቅ፣ ሲያርፍ ደግሞ እንዴት እንደሚገባ ታያለህ። ጀማሪ ዝም ማለትን የሚፈራው ባዶ የሚቀር ስለሚመስለው ነው። ጥሩ አጃቢ ግን መቼ እንደማይመታ ያውቃል።

12. ስልኩን እመን፣ ጆሮህን ግን አስቀድም። ከስልክ ላይ መማር ነውር የለውም፤ እኛ ያላገኘነውን አግኝተሃል። ነገር ግን ለአማርኛ ዘፈን ተጽፎ የምታገኘው ኮርድ ብዙ ጊዜ ስሕተት አለበት፣ የጻፈው እንደ አንተ ያለ ጀማሪ ሊሆን ይችላልና። ከዘፈኑ ጋር እየመታህ አመሳክረው፤ ጆሮህን ከጎረበጠው ወረቀቱን ሳይሆን ጆሮህን ስማ። በወር አንድ ጊዜ እንኳን የሚያውቅ ሰው እጅህን ይይልህ። ስልክ ያሳይሃል እንጂ ትከሻህ መወጠሩን፣ አውራ ጣትህ አንገቱን ማነቁን አይነግርህም። ሰፈርህ ባለ የመዘምራን ቡድን ውስጥ ጊታር የሚመታ ልጅ አይጠፋም፤ ሄደህ ጠይቀው። የሚጠይቅ ጀማሪን የሚገፋ ሙዚቀኛ ጥቂት ነው።

13. ሣጥኑን ጠብቅ፤ ክሩን ከመታህ በኋላ በደረቅ ጨርቅ ጥረግ፤ ላብ የብረት ክርን ያዝጋል። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ አትተወው፣ ሙቀት ማጣበቂያውን ያላላዋል። ክር ሲደበዝዝና መቃኘት ሲያስቸግር እስኪበጠስ አትጠብቅ፣ ለውጠው። አዲሱ ክር እስኪረጋ ለጥቂት ቀን ቶሎ ቶሎ ይወርዳል፤ ያ የክሩ ጠባይ ነውና ሱቁን አትውቀስ።

14. ሰው ፊት ምታ። እስክትችል ተደብቀህ አትቆይ፤ ያ ቀን እየራቀ ይሄዳል። ሁለት ኮርድና አንድ ዘፈን ስትይዝ ቡና በተፈላበት ቤት ተቀመጥና ለእናትህ ምታላት። ብትሳሳት ይቅርታ ብለህ ከመጀመሪያው አትጀምር፤ ምቱን ይዘህ እለፍ፣ ሰው የሚያስተውለው ስሕተቱን ሳይሆን መቆምህን ነው። ከሚዘፍን ጓደኛ ጋር አንድ ቀን መምታት ለብቻ ሆኖ ሳምንት ከመለማመድ የበለጠ ያስተምራል፤ እሱ አይጠብቅህምና ሽግግርህ የግድ ይስተካከላል። ከዚያ ወደ እኔ ና። ስንት ኮርድ እንደምታውቅ አልጠይቅህም፤ አንድ ዘፈን ምረጥና እስከ መጨረሻው አሰማኝ።